ስለ ልብስ እንፋሎት መተኮሻና ስለ ማድ ቤት ጽዳት የተሰጠ ንግግር



 ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም በእጅ የሚያዘው የልብስ እንፋሎት መተኮሻ፣ ብዙዎቻችሁ «ስቲመር» የምትሉት መሣሪያ፣ ማድ ቤት ለማጽዳት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ጥያቄ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ደረቅ ቆሻሻ ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ እኛም ከእነርሱ ጋር በከተማችን በጎንደር በየቤቱ ስንዞር ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ስለዚህ መሣሪያ የማይጠይቀን ሰው የለም ማለት ይቻላል። መሣሪያው ከቤሩት፣ ከዱባይና ከሪያድ በሚመለሱት እኅቶቻችን ሻንጣ ውስጥ ይመጣል፤ ከአሜሪካም ዘመድ ይልከዋል፤ አሁንማ በየሱቁ ይገኛል። በስልክ ላይ በሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕልም አንዷ ሴት የምድጃዋን ቅባት እንደ አስማት ስትጠርግበት ያላየ የለም። ታዲያ ጥያቄው ቢበዛ ምን ያስደንቃል?

ባጭሩ መልሱ ይህ ነው። እንፋሎቱ የደረቀ ቅባትን ያለሰልሳል፣ ያላቅቃል። ጀርምን ግን ብዙዎቻችን በምንይዘው አያያዝ አይገድልም። የሰውን ቆዳ ደግሞ ከፈላ ውሃ ይልቅ አብዝቶ ያቃጥላል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለይቶ ያላወቀ ሰው ንጹሕ ያልሆነውን ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል፤ በዚያም ላይ ልጁን ለአደጋ ያጋልጣል። ነገሩን በየተራ እናስረዳለን።

መጀመሪያ እንፋሎት ምን እንደ ሆነ እንይ። ከማንቆርቆሪያ አፍ ነጭ ደመና መስሎ ሲወጣ የምናየውን ሁላችንም እንፋሎት እንለዋለን፤ በእውነቱ ግን ያ ነጩ ነገር ቀዝቅዞ ወደ ደቃቅ የውሃ ጠብታነት የተለወጠው ነው። እውነተኛው እንፋሎት በዓይን አይታይም። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ ከአፉ ጫፍ እስከ ነጩ ደመና ድረስ ምንም የሌለበት የሚመስል ትንሽ ባዶ ስፍራ አለ፤ ሙቀቱ የበረታው እዚያ ነው። ከዚያ ርቆ ነጭ ሆኖ ሲበተን ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ መተኮሻውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ ጭስ እንደሚያጥን ሰው ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ግድግዳውን ከማርጠብ በቀር እምብዛም ጥቅም የለውም።

ደግሞም እኛ የምንኖረው በደጋ ነው። ከባሕር ወለል አጠገብ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጎንደር ግን 2100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃችን የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ከፍ ስለምትል 92 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ሽሮና ባቄላ በሚያበስሉ እናቶች ፊት ይህን ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ባቄላ በቆላ ቶሎ እንደሚበስል፣ በደጋ እንደሚቆይ ታውቁታላችሁ። ከእነዚህ የልብስ መተኮሻዎች ብዙዎቹ እንፋሎቱን አምቆ የሚይዝ ጠንካራ ማሰሮ የላቸውምና የሚተፉት እንፋሎት ከአገሩ የፈላ ውሃ ሙቀት እምብዛም አያልፍም። ለወለልና ለምድጃ ማጽጃ ተብለው የሚሠሩት ትልልቆቹ መሣሪያዎች ግን እንፋሎቱን አምቀው በኀይል የሚገፉ፣ የራሳቸው ብሩሽ ያላቸው ናቸው። በተንቀሳቃሽ ሥዕሉ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ያኛው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

93 ዲግሪ ታዲያ ጀርም ለመግደል አይበቃምን? ይበቃል እንጂ፤ ከበቂም በላይ ነው። የምግብ ጤንነት ሊቃውንት የሚይዙት መለኪያ 70 ዲግሪ ሙቀት ለ2 ደቂቃ ነው። ችግሩ ያለው «ለ2 ደቂቃ» በሚለው ቃል ላይ ነው። እንፋሎቱ 93 ዲግሪ ሆኖ ቢወጣ እንኳ ሴራሚኩ፣ እምነ በረዱ ወይም እንጨቱ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል፤ የዕቃው ገጽ ራሱ 70 ዲግሪ ደርሶ እዚያው ላይ ሊቆይ ይገባል። እጃችን ግን አይቆምም። አንዱን ስፍራ ሦስትና አራት ሰከንድ ነክተን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። በዚህ ዓይነት ሥራ ከጀርሙ ጥቂቱ ይሞት ይሆናል፤ የቀረው ግን ሞቅ ባለና በረጠበ ቦታ ላይ፣ ከቀለጠ ቅባት ጋር፣ ተመችቶት ይቀመጣል። እንፋሎት ነክቶት ካልተጠረገ ቦታ ይልቅ በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ቦታ እጅግ የተሻለ ነው።

መሣሪያው ለልብስ የተሠራ መሆኑንም መርሳት አይገባም። ልብስ በመስቀያ ተሰቅሎ ስለሚተኮስ መሣሪያው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ፊት እንዲተነፍስ ሆኖ ተበጅቷል። ማድ ቤት ውስጥ ግን የምድጃው ገጽና የመክተፊያው ጠረጴዛ የተነጠፉ ናቸው፤ እነርሱን ለመድረስ አፉን ወደ ታች ማዘንበል ግድ ይሆናል። ባዘነበለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በእንፋሎት ፈንታ የፈላ ውሃ ይተፋል። ወደ ላይ ቀና አድርጎ ጣራውን ወይም ከራስ በላይ ያለውን ቁም ሣጥን መንካትም እንዲሁ ነው፤ የፈላው ጠብታ ተመልሶ በፊትና በክንድ ላይ ይወርዳል። እንግዲህ በማድ ቤት ውስጥ ለዚህ መሣሪያ የሚስማማው እንደ ልብስ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው ማለት ነው፤ ከምድጃ ጀርባ ያለው የሴራሚክ ግድግዳ፣ የፍሪጅ በር ዙሪያ ያለው ጎማ፣ የቁም ሣጥን በር እጀታ፣ የምድጃው የፊት ገጽ። ይህም የሚሆነው ከመሣሪያው ጋር የመጣው ወረቀት ካልከለከለ ነው፤ ወረቀቱ «ለልብስ ብቻ» ካለ ለልብስ ብቻ ነው።

አሁን አሠራሩን እንናገር፤ ምክንያቱም «አይሆንም» ብቻ ብሎ መሄድ ለማንም አይረባም። ከምድጃ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እንውሰድ። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ቅባት አለ። አንደኛው ቅቤ፣ ሞራና የሚረጋ ዘይት ነው፤ ይህ በጥቂት ሙቀት ይቀልጣል፤ ቅቤማ በሰውነታችን ሙቀት እንኳ ይቀልጣል። ለዚህ እንፋሎቱ ጥሩ ረዳት ነው። ሁለተኛው የኑግና የሱፍ ዘይት ነው። እነዚህ ዘይቶች ስስ ሆነው በግድግዳ ላይ ሲያርፉ፣ በሙቀትና በአየር ብዛት፣ ልክ ቀለም እንደሚደርቅ ይደርቃሉ፤ ያ ስትነኩት እጅ ላይ የሚጣበቀው ቢጫ ነገር እርሱ ነው። ይህኛው ቢሞቅ አይቀልጥም፤ ይለሰልሳል እንጂ። ስለዚህ በመጀመሪያ ወፈር ያለ የሳሙና ውሃ በጨርቅ ተቀብቶ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያ መስኮቱንና በሩን መክፈት። ከዚያ መተኮሻውን ለግድግዳው ቀረብ አድርጎ፣ በዝግታ፣ የአንድ መዳፍ ያህል ቦታ ብቻ ማሞቅ፤ ወዲያው ሌላው እጅ በያዘው ወፍራም ጥጥ ጨርቅ ቅባቱ ሳይረጋ ወደ ታች መጥረግ። እንደገና የሚቀጥለውን መዳፍ። ሙሉውን ግድግዳ አሙቆ በኋላ እጠርጋለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ የቀለጠው ቅባት ወደ ታች ወርዶ በሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ይረጋና ከቀድሞው ይብሳል። በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ በተጨመቀ ጨርቅ ሳሙናውን ማስለቀቅ፣ በደረቅ ጨርቅም ማድረቅ።

ጨርቅ የያዘው እጅ ወፍራም ጓንት ቢያደርግ መልካም ነው፤ አለዚያ ጨርቁን አራት እጥፍ አጥፎ መያዝ። የመሣሪያው ውሃ መያዣ ትንሽ ስለ ሆነ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሠራ ነው፤ ሥራውም ከዚያ አይበልጥ። እንዲህም ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በባልዲ፣ ሳሙናና ወፍራም ጨርቅ ያላት እናት ይህንኑ ሥራ ያለ መሣሪያው ትሠራዋለች። ለማድ ቤት ብሎ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ካለ ገንዘቡን ለሌላ ያውለው ብለን እንመክራለን። በቤቱ ያለው ግን ይጠቀምበት።

የማይነኩ ነገሮች አሉ። ከሁሉ በፊት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ። የምጣዱ ሸክላ ውሃ የሚጠጣ ነው፤ ከሥሩም የሚግለው ሽቦ አለ። እንፋሎት ገብቶበት ሲጋል ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እርጥበቱ ሽቦው ዘንድ ከደረሰም ነዘረኝ የምትለው ያቺ እንጀራ ጋጋሪ ናት። ምጣድ እንደ ወትሮው በጎመን ዘርና በማሰሻ ይታሰሳል እንጂ ሌላ ጽዳት አይሻም። ሶኬት፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የፍሪጅ ጀርባ፣ የጋዝ ሲሊንደር አፍና ጎማው፣ የጋለ መስተዋት፣ ከበረዶ ክፍል የወጣ የቀዘቀዘ መስተዋት፣ ስስ ላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ መሶብና ሌማት፤ እነዚህ ሁሉ ከእንፋሎት ይራቁ። በእንጨት በሚበሰልበት ማድ ቤት ደግሞ ጥላሸት ያለበትን ግድግዳ በእንፋሎት መንካት ጥቁር እንባ እንዲያነባ ማድረግ ነው፤ ጥላሸት በደረቁ ተጠርጎ ኖራ ይቀባል፤ ይልቁንም ጭሱ የሚወጣበት መስኮትና ጭስ ማውጫ ይበጅለት። ያ ጭስ ለእናቶችና ለሕፃናት ሳንባ ከማንኛውም የግድግዳ ቅባት የበለጠ ጠላት ነው። የእርሱ ነገር ግን ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ዶሮ ብልት መበለቻው። በበዓል ዋዜማ ዶሮ ታርዶ፣ ተገፎ፣ 12 ብልት ሲወጣ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሲታጠብ በየቤቱ ታውቁታላችሁ። ወጡ ራሱ አያስፈራንም። ረዥም ሰዓት ተቁላልቶ፣ ተንተክትኮ የሚበስል ወጥ ውስጥ አብዛኛው ጀርም ይሞታል። የሚያስፈራን ሌላው ነው፤ መክተፊያው፣ ቢላዋው፣ ዶሮው የታጠበበት ሳፋ፣ ደም በነካ እጅ የተከፈተው የቧንቧ እጀታ፣ ከሁሉም በላይ ሁሉን የጠረገው አንዱ ጨርቅ። ከጥሬ ዶሮ ጋር ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ጀርሞች ሊመጡ ይችላሉ፤ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያመጣሉ፤ ለዐዋቂ ጥቂት ቀን የሚያስተኛው ሕመም ለሕፃን የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በዚያው መክተፊያ ላይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቃሪያና ቲማቲም ለሰላጣ ይከተፋል። ሰላጣ ደግሞ አይበስልም።

በዚህ ስፍራ ነው መተኮሻው የሚያታልለን። አንዲት ብልህ የቤት እመቤት ባለፈው የፋሲካ ሰሞን መክተፊያዋን በእንፋሎት ስትነካካ አይተን ጠየቅናት፤ «ሙቀት ነው እኮ፣ ሁሉን ይገድለዋል» አለችን። አነጋገርዋ ልክ ነው፤ ሙቀት ይገድላል። የእንጨት መክተፊያ ግን በቢላዋ የተጫረ፣ የተቦረቦረ ነው፤ ደሙና ስቡ በየጭረቱ ውስጥ ገብቷል፤ ያቺ የአምስት ሰከንድ እንፋሎት እታች አትደርስም። እንጨቱም በእርጥበት ይነፋል፣ ጭረቱ ይሰፋል። የላስቲክ መክተፊያ ከሆነ ደግሞ ይጣመማል።

ለመክተፊያ የሚበጀው ይህ ነው። አስቀድሞ ትራፊውን በቢላዋ ጀርባ መፋቅ፤ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብና ማለቅለቅ። ከዚያ በ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምሮ፣ ይኸውም ጥንካሬው 5 በመቶ ያህል የሆነው ተራው የቤት በረኪና ሲሆን፣ በዚያ ውሃ መክተፊያውን አርሶ 2 ደቂቃ ማቆየት። በመጨረሻ በጎኑ አቁሞ በነፋስ ማድረቅ፤ በጨርቅ አይጠረግ። ቢላዋውም፣ ሳፋውም፣ የቧንቧው እጀታም በዚሁ ውሃ ይነካ። ውሃው በየቀኑ አዲስ ይበጅ፤ ያደረ የበረኪና ውሃ ኀይሉን ያጣል። ዶሮውን ስታጥቡ ደግሞ በሚፈስ ቧንቧ ሥር ሳይሆን በጥልቅ ሳፋ ውስጥ ቢሆን ፍንጥቅጣቂው ወደ ዕቃ መደርደሪያው አይዘልም። የዕቃ መጥረጊያው ጨርቅ አምስት ደቂቃ በድስት ይቀቀል፤ ፀሐይ ላይም ይሰጣ። ጭረቱ እጅግ የጠለቀ የእንጨት መክተፊያ ካላችሁ አናጢ ዘንድ ወስዶ ማስላግ፣ የማይቻል ከሆነም ለማገዶ መስጠት ነው። ሁለት መክተፊያ ማድረግ የሚችል ቤት፣ አንዱን ለሥጋና ለዶሮ፣ አንዱን ለአትክልት፣ ከመቶ መተኮሻ የበለጠ ነገር አደረገ።

በረኪናን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። በረኪናም ሆነ ኮምጣጤ፣ ሳሙናም ሆነ ሽቶ በመተኮሻው ውሃ መያዣ ውስጥ አይግባ። በበረኪና በታጠበ ቦታ ላይ ሳይለቀለቅ እንፋሎት አይነፋ፤ ትነቱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። በረኪና ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። «ሁለቱ ቢደባለቁ ይበረታል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ እንደ ሆነ፣ የሚበረታው መርዙ ነው።

ስለ በረሮም ተጠይቀናል። እንፋሎቱ በቀጥታ ያገኘውን በረሮም ሆነ ትኋን ይገድላል፤ መርዝ ሳይረጭ መግደሉም መልካም ጎኑ ነው። ነገር ግን በረሮ የሚኖረው ውሃ ባለበት ነው። በእንፋሎት የረጠበ፣ በሩ ተዘግቶ ያደረ ማድ ቤት ለበረሮ ግብዣ ነው፤ በማእዘኑም ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ከእንፋሎት በኋላ ማድረቅ፣ መስኮት መክፈት፣ ከማጠቢያው ገንዳ ሥር የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ማስጠገን፤ ማታ ማታም የምግብ ፍርፋሪ አለማሳደር።

ኤሌክትሪክን በሚመለከት ጥቂት ቃል እንጨምር። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው ግን 120 ቮልት ነው። ከዚያ የመጣ መተኮሻ ያለ መቀየሪያ በእኛ ሶኬት ቢሰካ ከተሠራበት ኀይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይጐርፍበታል፤ ወዲያው ይቃጠላል፣ ወይም በእጅ ላይ ይፈነዳል። ተራው ትንሽ መቀየሪያም ለእንዲህ ያለ ብዙ ኀይል ለሚወስድ ዕቃ አይችልም። ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ የኤክስቴንሽን ገመድ መሰካትም ገመዱን አግሎ እሳት ያስነሣል። ውሃ ሲሞላበት እስፒናው ይነቀል፤ እጅ ይድረቅ፤ ገመዱ በማጠቢያው ገንዳ ላይ ተንጠልጥሎ አይለፍ። የሚሞላው ውሃም ፈልቶ የሰከነና በጥሩ ጨርቅ የተጠለለ ቢሆን ኖራው ይቀንሳል፤ አለዚያ ቀዳዳው በኖራ ቅርፊት ይደፈንና በእንፋሎት ፈንታ ትኩስ ውሃ ይረጫል።

በመጨረሻ የምንናገረው ስለ ቃጠሎ ነው፤ እዚህ ላይ ልባችሁን ስጡን። አንድ ግራም የፈላ ውሃ በቆዳችን ላይ ቢወድቅ እስከ ሰውነታችን ሙቀት ድረስ ሲበርድ 55 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይለቃል። አንድ ግራም እንፋሎት ግን ቆዳ ነክቶ ወደ ውሃ ሲመለስ ብቻ 540 ካሎሪ ያህል ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ውሃ የሆነው እንደ ማንኛውም የፈላ ውሃ ማቃጠሉን ይቀጥላል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን አቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። የማድ ቤቷን ግድግዳ በመተኮሻ አጽድታ፣ እስፒናውን ነቅላ፣ መሣሪያውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ በር ሊከፈት ሄደች። ነቅላዋለችና የበረደ መስሏት ነበር። ውስጡ ያለው ውሃና የፊቱ ብረት ግን ገና የጋለ ነበረ። ልጅቱ በሁለት እጅዋ አነሣችው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዱ የእንቁላል አስኳል ቀባ። ሁሉም ያደረገው በፍቅር ነው፤ ማንንም አንወቅስም። እኛ ግን ቁስሉን ከማየታችን በፊት የደረቀውን የጥርስ ሳሙና ለማስለቀቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ልጅቱም ከቃጠሎው ይልቅ በዚያ አለቀሰች። ቁስሉ ድኗል፤ የቀኝ እጅዋ የመካከለኛ ጣት ግን እስከ ዛሬ በሙሉ አይዘረጋም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው መድኀኒት ውሃ ነው። የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ማቆየት። ሃያ ደቂቃ ረዥም ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ትጨነቃለች፤ ቢሆንም ሰዓት እያዩ ማቆየት ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ከጄሪካን በጣሳ እየቀዱ በዝግታ ማፍሰስ ይቻላል፤ ስለዚህም ማድ ቤት ውስጥ የሞላ ጄሪካን መኖር አለበት። በረዶ አይደረግ። ቀለበት፣ አምባርና ያልተጣበቀ ልብስ እጁ ሳያብጥ ይውለቅ። ቀሪው ሰውነት በብርድ እንዳይመታ ይሸፈን። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ውሃ የቋጠረውን ሳያፈነዱ፣ ወደ ሐኪም መሄድ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና፣ ጭቃ አይቀባ። ቃጠሎው ከልጁ ከራሱ መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም በፊት፣ በእጅ፣ በእግር፣ በመገጣጠሚያ ወይም በኀፍረተ ሥጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ትንሽ ቢመስልም ቤት አይቆይ።

መተኮሻውም ሥራው ካለቀ በኋላ ወለል ላይ ወይም ዱካ ላይ ሳይሆን ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ገመዱ ወደ ታች ሳይንጠለጠል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። የቤት ሠራተኛ ያላችሁ ይህን ሁሉ ለእርስዋም አሳዩአት፤ «አጽጂበት» ብቻ ብሎ ሰጥቶ መውጣት ተገቢ አይደለም። የሚቃጠለው የእርስዋም እጅ ነው።

እንግዲህ ንግግራችንን እዚህ ላይ እናቆምና ወደ ጓሮ እንወጣለን። ሁለት አሮጌ መክተፊያዎችና በረኪና አዘጋጅተናል፤ አለካኩን በዓይናችሁ ታያላችሁ። መተኮሻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ከእጀታው ሥር የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ለእኛ አሳዩን፤ «120» የሚል ብቻ ከተጻፈባት ወደ ቦርሳችሁ መልሷት፣ «220–240» የሚል ካለባት ግን በግድግዳው ላይ አብረን እንሞክራታለን።